በገዛ እርሻው ላይ የሚተኵስ ሰው

ነጻነት መልካም ነገር ነው። ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ ማንንም አያስፈቅድም፤ በገዛ እርሻው የወደደውን እህል ይዘራል፥ በገዛ ግቢው ዛፍ ይተክላል፥ የተከለውንም ይቈርጣል። ይህ ሁሉ ለባለቤቱ የተገባ ነው። ዳሩ ግን ሰው ብቻውን አይኖርም። በእርሻው ዳር የሌላ ሰው እርሻ አለ፤ ከአጥሩ ማዶ የሌላ ሰው ልጆች ይጫወታሉ። ስለዚህ አንዱ በነጻነት ሲሠራ ሌላው ያለ ፍርሃት እንዲያድር፥ ለነጻነት ልክ ያስፈልገዋል።

ይህ ልክ በብዙ ነገር ይታያል፤ ይልቁንም በጠመንጃ ነገር ይታያል። ማጭድ ከያዘው እጅ አይርቅም፤ ማረሻም በድንበሩ ላይ ይመለሳል። ጥይት ግን አንድ ጊዜ ከአፈ ሙዝ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ሊጠራው ወይም ሊመልሰው አይችልም። ስለ ክፉ ቃል «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ተብሎ እንደ ተነገረ፥ የጥይትም ነገር እንዲሁ ነው።

በርስት ዘመን በአንድ ወይና ደጋ አገር የሚኖር አንድ ባላገር ነበረ ይባላል። እርሻው በተዳፋት ላይ ነበረ። በላይ በኩል ለስላሳ አፈር ያለው ዳገት ነበረ፤ በታች በኩል የእሾህ አጥር፥ ከአጥሩም ማዶ ወደ ምንጭ የሚወስድ መንገድና የጎረቤቱ ቤት ነበሩ። በዚያ እርሻ በቆሎና ማሽላ ይዘራ ነበር። እህሉም ባፈራ ጊዜ ከገደሉ ብዙ ዝንጀሮዎች እየወጡ ይበሉበት ነበር። ሰውዬው ከበሬዎቹ ጋር ብዙ ወራት የደከመበትን አዝመራ ዝንጀሮዎቹ በአንድ ጧት ያጠፉት ነበር። ልጆቹም በማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ሲወረውሩና ጅራፍ ሲያስጮኹ ይውሉ ነበር፤ ነገር ግን ለመላው እርሻ አልበቁም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ቤተ ሰቡ በክረምት ተራበ። በሦስተኛው ዓመት ሰውዬው አንዱን በሬውን ሸጦ ጠመንጃ ገዛ። ከዚያም ወዲያ በማማው ላይ ቆሞ፥ ዝንጀሮዎቹ በእርሻው ግርጌ ሲገቡ ባየ ጊዜ ወደ ታች ይተኵስ ነበር። ዝንጀሮዎቹም ድምፁን ሲሰሙ ይሸሹ ነበርና ደስ አለው።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ወደ እርሱ መጥቶ እንዲህ አለው፤ «ወንድሜ ሆይ፥ እህልህን መጠበቅህ መልካም ነው። ነገር ግን አንተ ከላይ ወደ ታች በምትተኵስበት ጊዜ ልጆቼ ከአጥሩ ማዶ በመንገድ ያልፋሉ። ማሽላው ረዥም ስለ ሆነ አንተ አታያቸውም። እባክህ፥ ወደዚያ አትተኵስ።»

ሰውዬውም ተቈጥቶ መለሰ፤ «መሬቱ ርስቴ ነው፥ እህሉም ድካሜ ነው፥ ጠመንጃውም በበሬዬ ዋጋ የተገዛ ነው። በርስቴ ላይ ቆሜ ብተኵስ ማን ይከለክለኛል?» ጎረቤቱም ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የባለ ጠመንጃው ንግግር ግማሹ እውነት ነበረ፤ ርስቱ የእርሱ ነበረና። የቀረውን ግማሽ ግን ገና አላሰበውም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ የጎረቤቱ ልጅ፥ ዐሥር ዓመት የሆናት ብላቴና፥ እንስራ ሞልታ በጀርባዋ አዝላ ከምንጩ ትመለስ ነበር። በዚያችም ሰዓት ሰውዬው በእርሻው ግርጌ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ አይቶ ተኰሰ። ጥይቱም ዝንጀሮውን ሳተ፥ በድንጋይም ላይ ነጥሮ አጥሩን አልፎ ሄደ። ብላቴናዪቱ በጀርባዋ ላይ እንደ ጅራፍ የሚጮኽ ነገር ሰማች፤ ወዲያውም እንስራው ተሰባበረ። ውሃው ከትከሻዋ እስከ እግርዋ ወረደ። እርስዋ ግን ደምዋ የፈሰሰ መስሎአት በመንገዱ ላይ ወደቀች። እናትዋም ከደጅ ሆና አይታ ኡኡ አለች።

ሰውዬው ጩኸቱን በሰማ ጊዜ ጉልበቱ ከዳው። ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ታች ሮጠ፥ አጥሩንም ጥሶ ወጣ። ብላቴናዪቱን በገሎች መካከል ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ አገኛት። አንዳች ቍስል አልነበረባትም። ጥይቱ በእንስራው አንድ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን ወጥቶ ነበር፤ ከጀርባዋም የራቀው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም ነበር። ሰውዬው ጥይቱ የበሳውን ገል አንሥቶ በእጁ ይዞ ቆመ፤ ቃልም አልተናገረም።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። የብላቴናዪቱ አባት ተነሥቶ፥ «ይህ ሰው ጠመንጃውን ይሽጥ፤ ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ አገር የተኵስ ድምፅ አይሰማ» አለ። ባለ ጠመንጃውም አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለ፤ «አባቶቼ ሆይ፥ በድያለሁ፤ እክሳለሁም። ነገር ግን ጠመንጃውን ብሸጥ ዝንጀሮ እህሌን ይበላል፥ ልጆቼም እንዳለፈው ዓመት ይራባሉ።»

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ባለ ጠመንጃውን ጠየቀው፤ «ልጄ፥ ትናንት በተኰስህ ጊዜ እግርህ የት ቆሞ ነበር?»

«በርስቴ ላይ፥ አባቴ» አለ።

«ጥይትህስ የት ዐረፈ?»

ሰውዬው መልስ አጣ። ሽማግሌውም፥ «እንግዲህ የተኰስኸው በርስትህ ላይ አይደለም። እግርህ በርስትህ ላይ ቆመ፥ ጥይትህ ግን በጎረቤትህ ደጅ ዋለ። በርስትህ ላይ ጌታ ነህ፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን ጌታ አይደለህም» አለው። ወደ ብላቴናዪቱም አባት ዘወር ብሎ፥ «አንተም ልጄ፥ ልጅህን እግዚአብሔር ስላተረፈልህ አመስግን። ነገር ግን የዚህ ሰው እህል የልጆቹ ሕይወት ነው። የአንተ ልጅ እንድትድን የእርሱ ልጆች ይራቡ ማለት ፍርድ አይሆንም» አለው።

ከዚህም በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ፈረዱ። ባለ ጠመንጃው ከማማው ወደ ታች ፈጽሞ አይተኵስ፤ ነገር ግን በእርሻው ግርጌ ቆሞ፥ ማንም ወደማያልፍበት ወደ አፈሩ ዳገት ብቻ ይተኵስ። ከመተኰሱም በፊት ልጁ ጥሩንባ ይንፋ። በጨለማ አይተኵስ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለ ሰማ ብቻ፥ ምን እንደ ሆነ በዓይኑ ሳያይ አይተኵስ። ጠላ ወይም ጠጅ በጠጣበት ቀን ጠመንጃውን አይንካ። ጎረቤቱም በበኩሉ ጥሩንባው ሲነፋ ልጆቹንና ከብቶቹን ከእርሻው ዳር ያርቅ፤ በሳምንትም ሁለት ቀን ልጆቹ በማማው ላይ ሆነው ዝንጀሮ በመጠበቅ ያግዙ። ጠባቂ ሲበዛ ተኵስ ያንሳልና። ሁለቱም በዚህ ፍርድ ተስማምተው ታረቁ። ባለ ጠመንጃውም አዲስ እንስራ ገዝቶ በራሱ ተሸክሞ ወደ ብላቴናዪቱ ቤት ወሰደ።

የሽማግሌዎቹ ፍርድ ትክክል መሆኑ የጥይትን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይገለጣል። የጦር ጠመንጃ ጥይት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ በአንድ ሴኮንድ ከ700 እስከ 800 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምፅ ግን በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በመስክ ማዶ ያለ ሰው የተኵሱን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ጥይቱ ይደርስበታል። «ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል» የሚል ሰው ተሳስቶአል፤ ጥሩንባው ከተኵሱ አስቀድሞ እንዲነፋ የታዘዘውም ስለዚህ ነው።

ደግሞም እንዲህ ያለው ጥይት የሚያግደው ነገር ካላገኘ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ለትንሽ አውሬ የሚያገለግለው ትንሹ ጥይት እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል አልፎ ይሄዳል። የአንድ ገበሬ እርሻ ግን ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ጥይቱን በእርሻው ውስጥ የሚያስቀረው የእርሻው ስፋት አይደለም፤ ከዒላማው ኋላ ያለው ነገር ነው። የእሾህ አጥር ላምን ያግዳል፥ ጥይትን ግን አያግድም። የጭቃ ግድግዳም ነፋስንና ብርድን ይከለክላል፥ የጦር ጠመንጃን ጥይት ግን ይከለክላል ተብሎ አይታመንም።

ድንጋይና ውሃም አይታመኑም። ልጆች በኩሬ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አዘንብለው ሲወረውሩ፥ ድንጋዩ ውሃውን እየነካ ይነጥራል እንጂ ወዲያው አይሰጥምም። ጥይትም በዝቅታ ሲመጣ በውሃና በድንጋይ ላይ እንዲሁ ይነጥራል፤ ወዴት እንደሚሄድም ተኳሹ አያውቅም። ለስላሳና ወፍራም የአፈር ቍልል ግን ጥይቱን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ተኵስ የሚማሩ ሰዎች በብዙ አገር ከዒላማቸው ኋላ አፈር ይቈልላሉ ወይም ዳገት ያለበትን ስፍራ ይመርጣሉ።

ሰዎች የሚስቱበት ሌላ ነገርም አለ። አንዳንዶች በሰርግ ወይም በበዓል ቀን በገዛ ግቢያቸው ቆመው ወደ ሰማይ ይተኵሳሉ፤ «ወደ ሰው አልተኰስሁም፥ ሰማይ የማንም ርስት አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን ወደ ላይ የወጣው ሁሉ ወደ ምድር ይመለሳል። ጁሊያን ሐቸር የተባለ የአሜሪካ የጦር መኰንን እንደ ፈረንጆች ቍጥር በ1920 ገደማ ይህን ነገር መረመረ። በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ መድረክ ተሠርቶ፥ ጥይት ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይተኰስ ነበር። ከ500 ከሚበልጡት ጥይቶች በመድረኩ አጠገብ ወድቀው የተገኙት እጅግ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ጠመንጃው በጥንቃቄ ቀጥ ብሎ ተተክሎ ሳለ፥ ጥይቶቹ የት እንደሚወድቁ ማወቅ አልተቻለም። በግቢው ቆሞ በአንድ እጁ የሚተኵስ ሰውማ እንዴት ያውቃል?

የሚወድቀውም ጥይት በአንድ ሴኮንድ 90 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህ ሲወጣ ከነበረው ፍጥነት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የሰውን ራስ ቢያገኝ ሊገድል ይችላል። ቀጥ ብሎ ያልወጣ፥ ወደ ጎን ያዘነበለ ጥይት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ኀይል ይዞ ይወርዳል። በፖርቶ ሪኮ ደሴት ሰዎች የፈረንጆችን የ2004 ዓመት መግቢያ ለማክበር ወደ ሰማይ በተኰሱ ጊዜ፥ ከሰማይ የወረዱት ጥይቶች 19 ሰዎችን መቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ሞተ። እነዚያ የተኰሱት ሰዎች ደስ ሊላቸው ወድደው ነበር እንጂ ማንንም ሊጐዱ አላሰቡም። ጥይቱ ግን የተኳሹን ሐሳብ አይጠይቅም።

የሰው ነጻነት በገዛ ቤቱም ልክ እንዳለው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል፤ ይህም በዘዳግም ምዕራፍ 22 ተጽፎአል። ቤቱ የእርሱ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ሕይወት በቤቱ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ የእርሱ ዕዳ ነው። በዘፀአት ምዕራፍ 22 ደግሞ አንድ ሰው ያነደደው እሳት ወጥቶ የሌላውን እህል ቢያቃጥል፥ እሳቱን ያነደደው እንዲከፍል ተጽፎአል። እሳትም እንደ ጥይት ነው፤ በአንዱ እርሻ ይጀምራል፥ በሌላው እርሻ ይጨርሳል።

ኦሪት ባለማወቅ የሆነውንና በቸልተኝነት የሆነውንም ትለያለች። እንጨት ሲቈርጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው፥ ጥላቻ ካልነበረው፥ ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ተፈቅዶለታል። በሬው ወጊ መሆኑን ነግረውት ሳይጠብቀው የቀረ ሰው ግን፥ በሬው ሰው ቢገድል ባለቤቱ በደሙ ይጠየቃል። ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው «አላወቅሁም» ሊል አይችልምና። ባለ ጠመንጃውም ጎረቤቱ መጥቶ ከነገረው ቀን ጀምሮ፥ በሬው ወጊ እንደ ሆነ እንደ ተነገረው ሰው ሆኖ ነበር።

በኢትዮጵያ የርስት ስሪት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀርቶአል፤ ዛሬ ገበሬ በይዞታው ያርሳል እንጂ «ርስቴ» አይልም። የመሬቱ ስም ተለወጠ፥ የጎረቤት ዕዳ ግን አልተለወጠም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጐዳና እንዳያውክ ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሳያስብ፥ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1177 ደግሞ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን አይበቃም። ዳኛ የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጎረቤት ግን ሁልጊዜ በአጠገብ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» መባሉ ስለዚህ ነው። ጎረቤት ሲፈራ መፍራቱን በሰላም ይናገር፤ ፍርሃቱን ወደ ጠብ አይለውጥ፥ የተኵስ ድምፅ በተሰማ ቍጥርም «ሊገድለኝ ነው» ብሎ አይክሰስ። ባለ ጠመንጃም ጎረቤቱ ሲነግረው እንደ ተደፈረ አይቍጠር፤ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ፥ ከዚያ ቆሞ ወደ ገዛ እርሻው ይመልከት። ከማማው ላይ ያልታየው መንገድ ከዚያ ይታየዋልና።

እንግዲህ ሰው መሣሪያ ሲያነሣ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «የቆምሁበት መሬት የማን ነው?» ብሎ አይደለም፤ «ጥይቴ የሚያርፈው የት ነው?» ብሎ ነው። ጥይቱ በገዛ መሬቱ እንዲያርፍ ያደረገ ሰው ነጻነቱን አላጣም፥ የጎረቤቱንም ሰላም አልነካም። ጥይቱ የት እንደሚያርፍ የማያውቅ ሰው ግን፥ መሬቱ ምንም ቢሰፋ፥ ሊተኵስ አይገባውም።

ስለዚያ ባላገር የሚነገረው ፍጻሜ እንዲህ ነው። ጠመንጃውን በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ ጥይት የበሳውን ገል በገመድ አንጠልጥሎ አኖረው። የቤቱ እንግዶች «ይህ ገል ምን ያደርግልሃል?» ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ «የእርሻዬ ድንበር ነው» ይላቸው ነበር። ጠመንጃውንም ባነሣ ቍጥር አስቀድሞ ገሉን ይመለከት ነበር። ብላቴናዪቱም አድጋ ተዳረች፤ ልጆችዋም በዚያው መንገድ ውሃ ሲቀዱ ኖሩ።